እትዬ ሴንቲ እና አሥራ አንዱ ሴንቲሜትር

ወንዝ ይለካል። ዘዴው ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፦ ከድልድዩ ሥር በሴንቲሜትር የተከፋፈለ የብረት ዘንግ ይተከላል፤ አንድ ሰው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ይመጣና ውሃው የትኛው ቁጥር እንደደረሰ አይቶ ይጽፋል። በዚህ ወንዝ ላይ ያ አንድ ሰው፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሴንቲ» የሚላት የውሃ ቢሮ ሠራተኛ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ የጎማ ጫማዋን አጥልቃ። የሠርጓ ማግስት እንኳ አልቀረችም፤ አናጢው ባሏ «ሰው ሙሽራውን ጫጉላ ቤት ያገኛል፣ እኔ ድልድይ ሥር» እያለ እስካሁን ይቀልድባታል።

ደስ የሚለው ነገር ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። እትዬ ሴንቲ አንድ ልኬት ብቻውን አታምንም። ዘንጉን አንብባ ስታበቃ ድልድዩ ላይ ትወጣና ከአጥሩ አንድ ብሎን ላይ ድንጋይ የታሰረበት፣ በየሜትሩ የተቋጠረ ክር ታወርዳለች፤ ድንጋዩ ውሃውን ሲነካ ክሩን ትለካለች። ለምን? ውሃ ውስጥ የቆመ ዘንግ ግንድ ሊገጨው፣ ጎርፍ ሊያዘነብለው ይችላል፤ ድልድይ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሁለቱ ቁጥሮች በየቀኑ አብረው ከሄዱ ሁለቱም ደህና ናቸው። አንዱ ካፈነገጠ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ይህን ያዘዛት የለም። የቢሮው ቅጽ ላይ ቦታ ስለሌለውም የክሩን ቁጥር ከገጹ ጀርባ ትጽፈው ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት ጎርፍ ዘንጉን ይዞት ሄደ። አዲሱን የተከሉት ሰዎች በዓይናቸው ገምተው ከድሮው አሥራ አንድ ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው አቆሙት። ከዚያ ወዲህ ዘንጉ ውሃውን አሥራ አንድ አሳንሶ ያሳይ ጀመር። ክሩ በማግስቱ አጋለጠው። እትዬ ሴንቲ ለያኔው አለቃዋ በቃል ነገረችው፤ እሱም «እሺ» አላት፤ እሺታው እዚያው ቀረ። በደብዳቤ አላመለከተችም። የእሷ ጥፋት ይቺ ናት።

ነገሩ ሳይነሳ ይቀር ነበር፣ የከተማው ትልቁ የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያና የክልሉ መንግሥት ባይጣሉ። ኩባንያው የክልሉ አስተዳዳሪ ያወጡትን ሕግ በአደባባይ ተቃወመ፤ በምርጫውም ተፎካካሪያቸውን ደገፈ። ሁለት ወር ሳይሞላ የኩባንያው የውሃ ፈቃድ ተሰረዘ። የተሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ወንዙ ከአንድ ሜትር በታች ሲወርድ ውሃ መሳብ ክልክል ነው፤ ኩባንያው ግን ባለፈው በጋ ስልሳ ሦስት የተከለከሉ ቀናት ስቧል። ኩባንያው «ይሄ ቂም ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ስልሳ ሦስቱ ቀናት የተቆጠሩት ደግሞ ከእትዬ ሴንቲ መዝገብ ነው።

«ሁለት ዝሆን ሲጣላ ሣሩ አንቺ ሆነሽ አረፍሽው» አላት ባሏ።

የኩባንያው ባለሙያዎች ድልድዩ ሥር ሲለኩ በታዩ ሰሞን፣ በዕድሜ ከእሷ የሚያንሰው አዲሱ የቢሮ ኃላፊ አስጠራት። ፍርድ ቤት የሄደው የፊት ገጹ ቅጂ ብቻ እንደሆነ፣ የጀርባው የግል ማስታወሻዋ እንደሆነ በትሕትና አስረዳት። ዘንጉ ተቀይሮ ያውቃል ወይ ከተባለች፣ አላስታውስም ብትል ማንም እንደማይቀየማት ነገራት። እሷ ቀድማ ቆጥራው ነበር፦ አሥራ አንዱ ሴንቲሜትር በየቀኑ ልኬት ላይ ሲደመር፣ ከአንድ ሜትር በታች የሚቀሩት ቀናት ከስልሳ ሦስት ወደ አርባ አንድ ይወርዳሉ። አርባ አንድም ቢሆን ጥፋት ነው አለችው።

«እትዬ፣ አስተዳዳሪው በቴሌቪዥን ስልሳ ሦስት ብለዋል» አላት። ቀጥሎም፣ ምድር ቤት ያለው መዝገብ ክፍል ሰው እንደሚያስፈልገውና ከሰኞ ጀምሮ ልትዛወር እንደምትችል ጣል አደረገላት።

ማታ ለባሏ ስታወጋው መላጊያውን አስቀመጠ። ዝም ብትልስ ብሎ ጠየቃት።

«ዘንጉ መሳሳቱን የኩባንያው ሰዎች ደርሰውበታል» አለችው። «እኔ ከደበቅኩ መዝገቡ በሙሉ ውሸት ነው ተብሎ ይጣላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴን አላስጥልም።»

በምስክርነቷ ቀን የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን መዝገብ በሁለት ዘንቢል ተሸክማ ገባች። ማንም ሳይጠይቃት የዘንጉን ነገር ከሥሩ ጀምራ ተናገረች፤ በደብዳቤ አለማመልከቷንም ጨምራ። ኃላፊው ከኋላ ወንበር ላይ ግንባሩን ያዘ። የኩባንያው ጠበቃ የዘንጉን ስሕተት ሊያጋልጥበት ያዘጋጀው ጥያቄ ከእጁ ወጣበት፤ ስለዚህ ወደ ክሩ ዞረ።

«ክር ሲርስ ርዝመቱ ይለወጣል። ይህን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሁልጊዜ አርጥቤ የምለካው።»

ከቦርሳዋ አንድ ፌስታል አወጣች፤ ክሩ ውስጡ ውሃ ጠጥቶ ተቀምጧል። ዳኛዋ የብረት ሜትር አስመጡ። የችሎቱ ፖሊስ የክሩን ጫፍ በሩ ላይ ያዘ፣ ጸሐፊው አሥረኛው ሜትር ላይ ያለውን ቋጠሮ ይዞ ወደ ዳኛዋ ጠረጴዛ ወጠረው፤ መንገዱ በጠበቃው ፋይል ላይ ስለነበር ውሃው እዚያው ተንጠባጠበ። ከብረቱ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲሜትር አልሞላም።

«በየሰኞው ከብረት ጋር አስተያየዋለሁ» አለች እትዬ ሴንቲ። «ዛሬ ሐሙስ ስለሆነ ነው ትንሽ ያፈነገጠው።»

ዳኛዋ መዝገቦቹን ከነጀርባቸው በማስረጃነት ተቀበሉ፤ ቀኖቹም አርባ አንድ ተብለው ተያዙ። ስረዛው ቂም ይሁን አይሁን ወደፊት ይወሰናል፤ እስከዚያው ግን ልኬቱ በዚያችው ሠራተኛ እጅ፣ ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ መሐንዲስ ባለበት እንዲቀጥል አዘዙ። ኃላፊው ትእዛዙን ኮሪደር ላይ ሁለቴ አነበበው። ስለ ምድር ቤቱ ዳግመኛ አላነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ መሐንዲሶች ሳይተያዩ መጡ። እትዬ ሴንቲ መጀመሪያ እነሱ እንዲያነቡ ፈቀደች። የኩባንያው ከዳገቱ ላይ ሆኖ ዘጠና አራት አለ፤ የመንግሥቱ ዘጠና አንድ።

«ልጆቼ፣ ውሃ ከላይ አይነበብም» አለቻቸው። «ዓይናችሁ ከውሃው እኩል እስኪሆን ተንበርከኩ።»

ሱሪያቸውን አዩ፤ እሷን አዩ። እሷ መዝገቡን ገልጣ፣ እርሳሷን ይዛ ቆማለች፤ የምትቸኩልም አትመስልም። በመጨረሻ አንዱ ተንበረከከ፣ ሌላውም ከጎኑ ጭቃው ላይ ወረደ፤ ትከሻቸው ተነካካ። ሁለቱም አንድ ቁጥር እስኪጠሩ ድረስ ምንም አልጻፈችም።