አያ ድንበሩ ቀሐ እስኪገባ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ የሞላ ልጆች ቤቴ መጥተው፣ ሶፋዬ ላይ እግራቸውን ሰቅለው፣ ስለ ሁለት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ሲከራከሩ ዋሉ። እኔ ወጥ ቤት የገብስ ቆሎ እያመስኩ ነበርና ጠብ መስሎኝ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ብቅ አልኩ። ጠብ አልነበረም። በሁለቱም ጨዋታ ሰው ጎራዴ ታጥቆ፣ አስማት ተምሮ፣ ዘንዶ እየገደለ በሌለ አገር ይዞራል አሉኝ። ታላቅየው «የእኔኛው ዓለሙ ሰፊ ነው አክስቴ፤ ከተማ ትይዣለሽ፣ ጦር ታከማቻለሽ፣ የፈለግሽበት ትሄጃለሽ» ይላል። ታናሽየው ደግሞ «ስፋት ብቻውን ምን ያደርጋል? የእኔኛው ውስጥ ያሉት ሰዎች እኮ ሆድ ያባባሉ፤ አንዱ የሞተብሽ ቀን እራት አትበዪም» ይለዋል። እኔ አፌን ከፍቼ ሳዳምጥ ቆሎው አረረብኝ።

ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ። ይህን ክርክር አውቀዋለሁ! እነዚህ ልጆች ከመወለዳቸው ብዙ ዓመት በፊት፣ ቤታችን ውስጥ ከአንዲት ሬዲዮ በቀር የሚናገር ዕቃ ባልነበረበት ዘመን፣ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለን ጉሮሯችን እስኪዘጋ የተከራከርነው ይህንኑ ነው። «ይህን ነገር እኛ ድሮ ተከራክረን ጨርሰነዋል» ብላቸው፣ «አክስቴ ደግሞ፣ በደርግ ጊዜ ጌም ነበር እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ነበር እንጂ! ያውም ሁለት። አንዱን የፈጠረው አባታቸው ነው፤ ሌላውን እናትነሽ የምትባል የግቢያችን ልጅ።

የምንኖረው እዚሁ ጎንደር፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደ ቤት ነበር፤ በረንዳው ሰፊ ሲሚንቶ፣ ግቢው በድንጋይ አጥር የታጠረ፣ መሀሉ ላይ ፍሬው ሳይበስል በልተነው ሆዳችንን የሚቆርጠን አንድ የኮክ ዛፍ። አባታችን ኮላ ድባ በእርሻ ሥራ ተመድቦ በወር አንዴ ሽምብራና ባቄላ ጭኖ ይመጣል፤ እናታችን ሆስፒታል ልብስ ትተኩሳለች፤ ማታ ስትመለስ ቀሚሷ የሳሙናና የካውያ ሽታ ነበረው፤ እስከ ዛሬ ድረስ የተተኮሰ አንሶላ ሲሸተኝ እናቴ በር ላይ የቆመች ይመስለኛል።

ሞላ ግን ከግቢ አይወጣም። ጥፋት አጥፍቶ አይደለም፤ ጠላቱ ቁመቱ ነው። ገና አሥራ አራት ዓመቱ ሳለ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዘና አባታችንን በለጠ። በሌላ ዘመን ቢሆን «ከዓይን ያውጣው» ተብሎ እንትፍ እንትፍ ይባልለት ነበር። በዚያ ዘመን ግን ረጅም ልጅ ያላት እናት እንቅልፍ የላትም። ለጦርነቱ ልጅ የሚያፍሱት ሰዎች ዕድሜ አይጠይቁም፤ የሚያዩት ቁመት ነው፤ ከሰፈራችን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በዚያው የቀረ አለ። እናቴ ያልሞከረችው የለም። ጎንበስ ብለህ ሂድ አለችው። ልጅ እንዲመስል ቁምጣ አስለበሰችው፤ ፀጉር የጀመረው ረጅም ቅልጥም ከቁምጣው ሥር ሲታይ ይባስ ብሎ ሰጎን አስመሰለው። ሲጨንቃት ከትምህርት ቤትም አስቀርታ ግቢ ዘጋችበት፤ ጠያቂ ሲመጣ «አባቱ ዘንድ ኮላ ድባ ነው» ትላለች፣ እኛም እንደዚያው እንላለን።

የተዘጋበት ልጅ ምን ይሥራ? አገር ይገዛል። እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባል የለ? ተሸናፊው አንድ አገር ይሰጣል፤ አሸናፊውም «እዚያ አገር ገብቼ፣ ምን አጥቼ!» ብሎ በአፉ ብቻ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ተሸናፊውን በስድብ አጥቦ ይለቀዋል። ሞላ ግን የተሰጠ አገር ለምን በዚያው ይጠፋል አለ። በከሰል የበረንዳውን ሲሚንቶ ሙሉ ካርታ ሣለበት፤ ደባርቅ እዚህ፣ ዳባት እዚያ፣ ጭልጋ፣ ጎርጎራ። የእሱ ጦር ባቄላ፣ የእኔ ሽምብራ። የተሸነፈ በእውነት ይሰጣል፣ የተሰጠው በእውነት ይገዛል፣ ግብር ያስገባል፣ ጎረቤቱን ይወራል። ዳባትን የተነጠቅኩ ቀን ያለቀስኩትን ልቅሶ ለሥጋ ዘመድም አላለቀስኩት። ጎንደርን ግን ሞላ ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ ዋና ከተማው ናት።

እናትነሽ የመጣችው ከደጋው፣ ከመካነ ብርሃን ነው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖረው አክስቷ ላስተምራት ብላ አመጣቻት። እኩያዬ ናት፤ ብርድ የቆላው ጉንጭ፣ ዝግ ያለ ድምፅ፣ ሲቆጧት እንኳ የማትቸኩል ልጅ። ሞላ እየተንጎራደደ ካርታውን ሲያስጎበኛት ዙሪያውን ዞራ አየችና፣ «ሸጋ ነው፤ ሰዉስ የታለ?» አለች። ባቄላውን አሳያት። «ይኸ ባቄላ ነው» አለችው። ወንድሜ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

በማግስቱ የራሷን ጨዋታ አመጣች። ካርታ የለው፣ ባቄላ የለው፤ እሷ የኮኩ ዛፍ ሥር ትቀመጥና ታወራለች። ከመካነ ብርሃን ተነሥተን፣ የቧሂትን ተራራ አቋርጠን፣ ለጥምቀት ቀሐ፣ የጎንደር ታቦታት የሚወርዱበት ወንዝ ዳር፣ እንገባለን። ማን ማን ናችሁ? ምን ይዛችኋል? ማንን ትፈራላችሁ? እኔ ደብተራ ነኝ አልኩ። ሞላ ሴት ደብተራ የት አለ ብሎ ሲስቅ፣ «ምነው? በጨዋታም?» ብላ ዝም አሰኘችልኝ። አንተስ ስትለው ሞላ ትንሽ አሰበና «እጥር ያለ ሽማግሌ ልሁን» አለ። በዚህ ማንም አልሳቀም። ስሙን አያ ድንበሩ አለችው፤ ጨው ነጋዴ፣ ሸጊቱ የምትባል በቅሎ ያለችው። ወንዝ ስንደርስ፣ ወንበዴ ሲገጥመን፣ ጠጠር በአንድ እጇ ደብቃ ሁለቱንም ጨብጣ ትዘረጋለች፤ ጠጠሩ ያለበትን ያወቀ ያልፋል፣ የሳተ ይሰነብታል። አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፦ መንገድ ሰው አይጠብቅም። መሀል ላይ ጥሎ የተነሣ ተጫዋች፣ በጨዋታው የሆነው ሰውዬ ምን እንደሚደርስበት አይጠይቅም።

ቀሐ ከቤታችን ተራምደው የሚደርሱበት ነው። ለሞላ ግን ከሮም ይርቅ ነበር፤ ከተዘጋበት ጀምሮ የጥምቀትን ከበሮ የሚሰማው ከአጥር ውስጥ ሆኖ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ ተጀመረ። ሞላ የእሷን ጨዋታ ሲያማርር «ዳኛዋም እሷ፣ ወንዙም እሷ፣ ወንበዴውም እሷ! ለማን አቤት ይባላል?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ደግሞ ታዳላለች፣ ለእኔ የምታመጣልኝ ወንዝ ሁሉ ከጉልበት አያልፍም ነበር። የእሱ ጨዋታ ፍርድ አለው፤ ያለህን ቆጥረህ ታድራለህ፣ አሸናፊህን ታውቀዋለህ። እሷ ደግሞ «ያንተው ዝናብ ሲመጣ ይጠፋል» ትለዋለች፤ እውነትም በክረምት ካርታው ታጥቦ ጠዋት ጠዋት እንደ አዲስ እንሥለው ነበር፣ እሷ ግን ያቆመችበትን አትረሳም። እኔ በሞላ ጨዋታ እናደዳለሁ፣ በእሷ እፈራለሁ፤ ከሁለቱ ምረጪ ብትሉኝ ዛሬም ይቸግረኛል። እናቴ ግን መለኪያዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጇን እስኪመሽ ግቢ ውስጥ የሚያስቀምጠው የትኛው ነው? ያስቀመጠው ጨዋታ ባለቤት የቆሎ ሰሐኑ መጀመሪያ ይቀርብለታል።

አንድ እሑድ ሞላ የመጨረሻ አገሬን፣ ጎርጎራን፣ ወሰደብኝ። በረንዳው ከዳር እስከ ዳር ባቄላ ሆነ። ትንሽ ጨፈረ፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ ካርታውን አየውና «አሁንስ?» አለ። የዚያ ጨዋታ ጉድለት ይኸው ነበር፤ ያልቃል። እናቴ ሰንበቴ ሄዳለች። ይህን ጊዜ ከአጥሩ ጀርባ ፉጨት መጣ፤ የጎረቤታችን ልጅ አስማረ ነው፣ የሞላ የኳስ ጓደኛ፣ ሜዳ ላይ ግጥሚያ አለና በረኛ ጎድሎናል ይላል። ሞላ ገብቶ ቁምጣውን በሱሪ ለውጦ ወጣ። ሸሚዙን ይዤ ለመንኩት። «አንድ ጊዜ ብቻ! ማን ያየኛል?» አለኝ፤ ያን ሁሉ ቁመት ይዞ! አለቀስኩ፤ ለቅሶዬ ይብስ አቻኮለው። አንድ እግሩን አጥሩ ላይ ሰቀለ።

እናትነሽ አልጮኸችም፣ አልለመነችም። ዛፉ ሥር ተቀመጠችና፣ ለእኔ ብቻ የምታወራ ይመስል፣ «ቧሂት ላይ በረዶ ጥሏል» አለች። «መንገዱ አንዳልጧል። ሸጊቱ እግሯ ከዳት፤ ከነጨዋ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠለጠለች። አያ ድንበሩ ገመዷን ይዟል። ደብተራዋ ደግሞ አያ ድንበሩን በኩታው ይዛዋለች።» ፉጨቱ እንደገና መጣ። ሞላ አጥሩ ላይ እንዳለ ዞረ። «ምነው አያ ድንበሩ» አለችው፣ «ገመዱን ለቀኸው ልትሄድ ነው?»

«ስመለስ አወጣታለሁ» አላት እየሳቀ። እሷ ሁለት ጭብጧን ዘረጋች። ሕጉን ያውቀዋል። «እሺ አንድ ጊዜ» አለና ወረደ። አንዱን እጇን መታ፤ ባዶ። በቅሎዋ አንድ ክንድ ወረደች። እንደገና መታ፤ አገኘው፣ ግን ገመዱ መላላጥ ጀምሯል አለችው። ጨዉን ቆርጠህ ጣል ብለው እኔ፣ ያንን ሁሉ መንገድ የተሸከመችውን እንዴት ልጣል ብሎ ተቆጣኝ። ሦስተኛው ፉጨት ሲመጣ ሞላ በሆዱ ተኝቶ፣ በሁለት እጁ የኮኩን ሥር ጨብጦ፣ «አይዞሽ ሸጊቱ፣ አይዞሽ ልጄ» ይል ነበር። ፉጨቱ ሄደ። ማንኛችንም ሲሄድ አልሰማነውም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እናቴ ነጠላዋ መሬት እየጎተተ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስትሮጥ ገባች። ሜዳው ተከቦ፣ የተገኘው ልጅ ሁሉ መኪና ላይ ተጭኖ ሄዷል። ሞላን ከዛፉ ሥር በሆዱ ተኝቶ፣ ሱሪው አፈር በአፈር ሆኖ፣ «ወጣች! ከነጨዋ ወጣች!» እያለ ሲጮህ አገኘችው። ላዩ ላይ ወደቀችበት። ቀጥላ እናትነሽን ሳበችና ሦስታችንንም አንድ ላይ እቅፍ አደረገችን፤ ልቧ ሲመታ ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። እልል ማለት ግን አልተቻለም። ከአጥሩ ባሻገር የአስማረ እናት ልጇን እየጠራች ነበር። አስማረ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም፤ ወንድሜ እስከ ዛሬ ሰው ሲያፏጭ ይደነግጣል።

ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ ካርታ አልተሣለም። መንገዱን ብቻ ተጓዝን፤ ደባርቅ ደረስን፣ ዳባትን አለፍን። በጨዋታችን አምባ ጊዮርጊስ ስንገባ፣ ቀሐ ሳንደርስ፣ የጦርነቱ ወሬ በረታ፤ እናትነሽንም አክስቷ ወደ አገሯ ልትመልሳት ቆረጠች። እኔና እናቴ አውቶቡስ ተራ ልንሸኛት ስንወጣ ሞላ እስከ ግቢው በር ብቻ መጣ። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ቆሞ፣ «እንቆቅልሽ ሳትጠይቂኝ አሸንፈሽኛል፤ ጎንደርን ሰጥቼሻለሁ» አላት።

እሷም እንደ ደንቡ «ጎንደር ገብቼ፣ ምን አጥቼ…» ብላ ጀመረች። የቀረው ስድቡ ነው። «ስድቡ ይቆይህ አያ ድንበሩ» አለችው፤ «ቀሐ ስትገባ እሰድብሃለሁ።»

ደርግ በወደቀ በመጀመሪያው ጥምቀት ሞላ ቀሐ ወረደ፤ ጎንበስ ሳይል፣ በመንገዱ መሀል። ውሃ ሲረጭበት እንደ ሕፃን ጮኸ። መንገዱ ሲከፈትም መካነ ብርሃን ድረስ ፈልጓት ሄደ። አላገኛትም። ባል አግብታ ወደ ሑመራ ወርዳለች አሉት፤ ከዚያ ወዲህ የሚያውቅ የለም። ግን አንድ ቤት ጥላ ሥር ልጆች ጠጠር ይዘው ተቀምጠው ነበርና አንደኛው «እኔ አያ ድንበሩ ነኝ! ሸጊቱን ሳልይዝ አልሄድም!» ሲል ሰማ። ወንድሜ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ አያ ድንበሩን እኔም አውቀዋለሁ ብሎ ነገራቸው። ትንሿ ልጅ ቀና ብላ «ቀሐ ገባ?» አለችው።

«ገባ» አላት። «ከነበቅሎው ገባ።»

ያ ግቢ ዛሬ የለም፤ ኮኩ ተቆርጧል፣ በረንዳው ፈርሶ ፎቅ ወጥቶበታል፣ እናቴም ካረፈች ቆየች። እናትነሽን እንደ እህት ሳልጠግባት ነው ያጣኋት፤ ይህ እስከ መቼም ይቆጨኛል። ግን የሞላ ልጆች ሶፋዬ ላይ ሲጨቃጨቁ ባየሁ ቁጥር እግዜር ይስጥልኝ እናትነሽ እላለሁ፣ አንቺ ባትኖሪ እነዚህ የሉም። ቆሎውን እንደገና አምሼ ሳቀርብላቸው አባታቸው ሊወስዳቸው መጣ። ከሁለቱ ጨዋታ የትኛው ይበልጣል ብለው ያዙት። «አገር የሚያስገዛው ነዋ!» አለ፣ ሳያፍር። እንዲህ ነው ወንድሜ፤ በዚህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተሸነፈም።

በጥምቀት ግን ማንም ሳይቀሰቅሰው ቀድሞ ቀሐ ይወርዳል። ከሕዝቡ ሁሉ በላይ ራሱ ይታያል፤ ያ እናቴን እንቅልፍ የነሣት ቁመት አሁን የሚፈልገው ሰው ከሩቅ እንዲያገኘው ይረዳዋል። ልጆቹ እንሂድ፣ በቃ፣ ውሃው ተረጭቷል ይሉታል። ትንሽ ቆዩ ይላቸዋል። ወዲያና ወዲህ እያየ፣ ሰዉ እስኪያልቅ ቆሞ፣ ስድቡን ይጠብቃል።