ንጉሥ ይሙት ያላለው

በንጉሡ ዘመን፣ ጨለለቅቱ አጠገብ የባለርስቱ በቅሎ ጠፋችና አውጫጭኝ ተጠራ። የመንደሩን ወንድ ሁሉ እንሰት መሀል በታጠረ በረት አጎሩን። ሌባው እስኪታወቅ፣ አለዚያም እያንዳንዱ «ንጉሥ ይሙት፣ አላየሁም» ብሎ እስኪምል መውጣት የለም። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ነበር፤ ቀዩ ፍሬ መሬት ላይ ይረግፋል።

ማልን። እኔ አማርኛው በቅጡ ሳይገባኝ ማልኩ። የእህቴ ባል ብቻ ቀረ። ወንጌል ተቀብሎ ነበር፤ ሚሲዮኖቹ ፊደል አስቆጥረውታል።

«አላየሁም» አለ። «መማል ግን ጌታ ከልክሎኛል።»

«የትኛው ጌታ?» አለው አውጫጭኙን የጠራው ጭቃ ሹም። «የኔ ጌታ በቅሎውን ነው የሚፈልገው።»

«ንጉሡ ይሙት አልልም። እኔ ዕድሜ ነው የምለምንለት።»

ሰው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ ገደልነው፣ አልሞተም፤ ያንተ አንዷ ምን ታመጣለች አሉት። ጭቃ ሹሙ አልሳቀም። ይህ ሰው የንጉሡን ስም ንቋል፣ እሱ ካልማለ ማንም አይወጣም አለና በረቱን ዘጋው።

ዝናብ እየመታን ተቀመጥን። ሚስቶቻችን በአጥሩ ላይ ቆጮ ይወረውራሉ፤ ዘበኞቹ ይበሉታል። እህቴም መጣች። ባሏን ማል አላለችውም። የምታየው እኔን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ደበደብነው። ሌላው ይዋሽ፤ አገጩን ይዤ በድንጋይ አፉን የመታሁት እኔ ነኝ። የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። በደሙ ውስጥ አንድ ነገር አጉተመተመ። ጭቃ ሹሙንም ዝናቡ አሰልችቶት ነበርና «ምሏል፤ ሰምቻለሁ» ብሎ በረቱን አስከፈተ። ወደ ቡናችን ሮጥን።

እሱ አልተነሳም። «አልማልኩም» አለ። ዝም ቢል ቤቱ ይገባ ነበር። ዲላ ወስደው ዓመት ከመንፈቅ አሰሩት። በቅሎዋ በሳምንቱ የባለርስቱ አማች ቤት ተገኘች፤ ባለርስቱ ራሱ አውሶ ረስቷት ኖሯል። ይቅርታ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሲፈታ እሁድ እሁድ ጎጆው ውስጥ ፊደል ማስተማር ጀመረ። ዕድሜዬ ሠላሳ አልፎ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። መጽሐፉ በእውነት «አትማሉ» ይል እንደሆነ በዓይኔ ላየው ፈልጌ ነው። ባይል ደስታዬ ነበር። ይላል።

አላባረረኝም። ቢያባርረኝ ይሻለኝ ነበር። ጥርስ ስለሌለው «ሰ»ን «ሸ» እያለ አስቆጠረን፤ እኔ ደግሞ ፊደል ከሌላ ሰው አፍ አልሰማሁም። ሳወራ ደህና ነኝ። ጸሎት ቤት ቆሜ ሳነብ ግን፣ ጥርሴ ሙሉ ሆኖ፣ «ኢየሹሽ» እላለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ።

እህቴ አትስቅም።