ኢትዮጵያማ ድሮ ገብታለች

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... ለንደን ውስጥ ከዋይት ሲቲ ወደ ዊልስደን በሚሄደው ባስ ላይ ሆኜ ከጓደኛዬ ከሄኖክ ጋር በስልክ እጨቃጨቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ሄኖክ ከሌሎች ጓደኞቻችን ጋር አንድ የቆየ የኮምፒውተር ጌም እንጫወታለን። የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ነው... አንድ ሕዝብ ትመርጣለህ፣ ታርሳለህ፣ ግንብ ትገነባለህ፣ ከዚያ ጎረቤትህን ትወጋለህ። ጌሙን የሚወዱ ሰዎች አዳዲስ ሕዝቦች እየሠሩ ይጨምሩበታል፣ እኛም በትርፍ ሰዓታችን የያዝነው እሱን ነው። አሁን ተራው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነው። አዝቴክ፣ ማያና ኢንካ ቀድሞም አሉበት። የእኛ አቅም የሚፈቅደው ሁለት ተጨማሪ ብቻ ነው።

አንደኛው ላይ ተስማምተናል፤ ማፑቼዎች ናቸው፣ ለኢንካም ለስፔንም በቀላሉ ያልተበገሩ የደቡብ ቺሊ ሰዎች። ጭቅጭቁ ሁለተኛው ላይ ነው። እኔ የኮሎምቢያ ደጋ ላይ ወርቅና ጨው ለነበራቸው ለሙዊስካዎች ነው የምሟገተው። ሄኖክ ደግሞ ሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ አፈር ቆልለው ኮረብታ የሚያህል ነገር የሠሩት፣ ትልቅ ከተማም የነበራቸው ሰዎች ካልገቡ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ችግሩ... እነዚያ ሰዎች ራሳቸውን ማን ብለው ይጠሩ እንደነበር እንኳን አይታወቅም። ጌሙ ላይ ደግሞ ወታደሩን ስትነካው በገዛ ቋንቋው ይመልስልሃል። የእነሱ ምን ብሎ ይመልስ?

እንግዲህ ባሱ ውስጥ ጮክ ብዬ በአማርኛ የምለው ይሄን ነበር።

«ሁለት ብቻ ነው የምናስገባው አልኩህ እኮ። ሙዊስካዎቹ ገበሬም ነጋዴም ናቸው፣ ይጠቅሙናል። እነዚያን ግን ተዋቸው፣ ቋንቋቸው አይታወቅም... ሪጀክት አድርጋቸው።»

ሄኖክ ሌሎቹን ላማክር ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ወዲያው አንድ ሰው ከኋላዬ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ዞር ስል ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ባለጎማ የገበያ ቦርሳቸውን በጉልበታቸው መሀል ያቆሙ እናት ናቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ... ሳላስበው ሰማሁዎት» አሉኝ።

እናቴን የሚያክሉ ሴት አንቱ ሲሉኝ ደነገጥኩ። ኧረ አንተ ይበሉኝ ብላቸው እምቢ አሉ። ሥራዬ ከባድ እንደሆነ፣ ብዙ ሰው ከኔ ቃል እንደሚጠብቅ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ጌሙን የሚያውቁት መሰለኝ... የልጅ ልጅ ያለው ሰው ስለ ጌም ቢያውቅ ምን ይገርማል? አዎ፣ ምርጫው በጣም ያጨቃጭቀናል አልኳቸው። አንድ ሰው ብቻውን ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። እኛ የምናስገባው በሕዝብ ነው እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም ብዬ በኩራት አስረዳኋቸው።

ዓይናቸው ፈጠጠ። ቀስ ብለው...

«ከኢትዮጵያስ?» አሉኝ።

«ኢትዮጵያማ ድሮ ገብታለች።»

እውነቴን ነው፣ ጌሙ ውስጥ ካለች ቆይታለች።

እሳቸው የቦርሳቸውን እጀታ ጠበቅ አድርገው ያዙና...

«ታዲያ እህቴ ለምን እስካሁን አልመጣችም?» አሉኝ።

ያኔ ነው የበራልኝ። ስለፈልፈው የነበረው ሁሉ በሳቸው ጆሮ ተሰማኝ... ይግቡ፣ ይቅሩ፣ ይጠቅሙናል፣ ቋንቋቸው አይታወቅም፣ ሪጀክት። ሴትዮዋ የኢሚግሬሽን ሹም አድርገውኛል።

እየተንተባተብኩ ጨዋታ እንደሆነ ነገርኳቸው። እውነተኛ ሰው የለበትም ብዬ ስልኬን ከፍቼ የጌሙን ቪዲዮ አሳየኋቸው... ጣት የማያክሉ ሰዎች እንጨት ይፈልጣሉ፣ በግ ያሳድዳሉ። ስልኩን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ፈራሁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምርማ አለቀልኝ አልኩ።

እየሳቁ ነበር። ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን ሳቁ።

«እኔን ይድፋኝ... በግ ለሚያባርር ነው አንቱ ስል የቆየሁት?»

እዚያው አንተ ሆንኩ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ደራ። እማማ ተዋበች ይባላሉ። ታናሽ እህታቸውን ጸዳለን ካዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ ልትጠይቃቸው እንድትመጣ አፕላይ አድርገውላት መልስ እየጠበቁ ነው። ይሄን ነግረውኝ ሲያበቁ ግን ሐሳባቸው ወደነዚያ ሪጀክት ወዳስደረግኳቸው ሰዎች ተመለሰ። ምን አጥፍተው ነው አሉኝ። ምንም አላጠፉም፣ የሚናገሩትን ስለማናውቅ ነው አልኳቸው።

«ታዲያ ዝም ብለው ይሥሩ። እኔ እዚህ አገር ስመጣ የማውቀው እንግሊዝኛ የለ... ዝም ብዬ ነው የሠራሁት። ማን ውጪ አለኝ?»

ይሄን ስንጨዋወት መውረጃዬ አልፎኝ ሄደ።

ዊልስደን አብረን ወረድን፣ ቦርሳቸውን ተሸክሜ አወረድኩላቸው። ስንለያይ እጄን ያዝ አድርገው «ማስገባት ባትችል መጸለይ አያቅትህም» አሉኝ።

እዚያው አስፋልት ዳር ቆሜ ለሄኖክ ደወልኩ። የሱ ሰዎች ይግቡ፣ ግን ወታደራቸው ሲነካ ቃል አይተንፍስ፣ ከበሮና ኮቴ ብቻ ይሰማ አልኩት። «ይሄ ያንተ ሐሳብ አይደለም» አለኝ። አይደለም አልኩት። ሌሎቹም ወደዱት።

ረቡዕ ለሙከራ ስንጫወት ሄኖክ በነዚያ ሰዎች መጣብኝ። ጠላት ሲፎክር ቢያንስ በየት በኩል እንደሚመጣ ታውቃለህ። እነዚህ ግን... ድም ድም ብቻ። ግንቤን አፈር አስመሰሉት።

ሙዊስካዎቹ ለሚቀጥለው ዙር ይጠብቁ፣ እነሱ ችግር የለባቸውም። ጸዳለን ግን... የምትጸልዩ ሁሉ ስሟን ያዙልኝ።