እናቴ ከደመናው በላይ ሳለች

ሥራዬ ሰማይ ማየት ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከማኮብኮቢያው ዳር ባለች አነስተኛ ቢሮ ውስጥ፣ ደመናው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ዓይን እስከ የት እንደሚያይ እየተመለከትን ለመቆጣጠሪያ ማማው እናሳውቃለን። አብራሪዎች ያንን ተመርኩዘው ያርፋሉ፣ ወይም ይጠብቃሉ። ሰዎች ሥራዬን ሲሰሙ "ነገ ይዘንባል?" ይሉኛል። እኔ ግን ስለ ነገ አልናገርም። አሁን ያለውን ብቻ ነው የምናገረው።

የመጀመሪያ ልጄን ለመውለድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ እናቴ ልታርሰኝ ከባሕር ዳር ተነሣች። እኔና ባለቤቴ ልጅ ሳናገኝ ብዙ ዓመት ስለቆየን፣ እሷም በየበዓሉ ስለት ስትሳል ኖራለች። በአውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። "አውቶቡስ ምን አለኝ?" ብትልም ጨቅጭቄ ያሳመንኳት እኔ ነኝ።

"እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ቦሌ ነሽ" አልኳት።

ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ፍልሰታ ገብቷል። የምትመጣበት ሰዓት ከሥራ ፈረቃዬ ማብቂያ ጋር ስለገጠመ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ መኪና ይዞ ተርሚናሉ በር ላይ ይጠብቃታል፣ እኔም ሥራዬን አስረክቤ እደርሳለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆረ። የክረምት ሰማይ መጥቆሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ የዚያን ዕለቱ ግን አረንጓዴ የሚመስል ጥቁረት ነበረው። አብሮኝ የነበረው ባልደረባዬ ጡረታ ለመውጣት የተቃረበ አንጋፋ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። "አንቺ ተቀመጪ፣ ውጭ ውጭውን እኔ አየዋለሁ" ብሎኝ የዝናብ ልብሱን ለበሰ።

ብዙም ሳይቆይ በረዶው ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ እርስ በርስ መደማመጥ አቃተን። እይታን የምንለካው በምናውቃቸው ቦታዎች ነው፤ የረር ተራራ ከታየ ሩቅ ይታያል ማለት ነው። መጀመሪያ የረር ጠፋ። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ፎቆች ጠፉ። በመጨረሻ የማኮብኮቢያው መብራት እንኳ እንደ ጭላንጭል ሆነ።

ያየሁትን መጻፍ ነበረብኝ። ነጎድጓድ፣ በረዶ፣ ኃይለኛ ነፋስ፣ እይታ የለም ማለት ይቻላል። ይህን በመላኬ እናቴን ከቦሌ የማርቃት እኔው መሆኔን አውቄያለሁ፤ ግን ያለውን አለ ከማለት በቀር ምን ይደረጋል? ላክሁት።

ጋሼ ውኃ እየተንጠባጠበ ገባ። "እናትሽ ዛሬ አልነበር የሚመጡት? በየትኛው በረራ ናቸው?"

"በባሕር ዳሩ።"

ስልኩን አንሥቶ ማማውን ጠየቀና ዞሮ አየኝ። "ከደመናው በላይ እየዞሩ ነው። ካልቀለለ ይመለሳሉ። አይዞሽ፣ ነዳጅ አላቸው።"

አይዞሽ ቢለኝም ዞሬ መለኪያዎቹን ማየት ጀመርኩ። ልጄ በሆዴ ውስጥ ይገላበጣል። ፊት ለፊቴ የነፋሱ ፍጥነት፣ የአየሩ ግፊት፣ ሙቀቱ፣ ሁሉም በቁጥር ተደርድሯል። ስለዚያ ዶፍ እኔን ያህል የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር፤ አንዱን የበረዶ ጠጠር እንኳ ግን ቁም ማለት አልችልም። ልጅ ሳለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ ጌታ በጀልባ ላይ ሆኖ ማዕበሉን ስለ መገሠጹ ሲነግሩን፣ አባት ልጆቹን ዝም በሉ ሲል ይታየኝ ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ጀልባው ውስጥ ስለነበሩት ሰዎች አሰብኩ፤ ውኃውን የሚያውቁ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፣ ማወቃቸው ግን አላዳናቸውም።

"ጌታዬ፣ ነፋሱም ያንተ ነው፣ ደመናውም ያንተ ነው፣ እናቴም ያንተው ናት" አልኩ።

ነፋሱ ፊቱን አዞረ። ከምዕራብ ይመጣ የነበረው ከምሥራቅ መንፈስ ጀመረ። በረዶው ሳሳ፣ ወደ ዝናብ ተለወጠ፣ ዝናቡም ወደ ካፊያ። ጋሼ በሩን ከፍቶ "የረር ብቅ አለ" አለኝ። ወጥቼ ካላየሁ አላምንም ብዬ ሆዴን ይዤ ወጣሁ። የተራራው እግር፣ ቀጥሎ ትከሻው ታየ። ሣሩ በበረዶ ነጭ ሆኗል። ተመልሼ አዲሱን መረጃ ላክሁ።

ተራ በተራ ማረፍ ጀመሩ። የባሕር ዳሩ ሲመጣ ጎማው ውኃውን ግራና ቀኝ እየረጨ በመስኮቴ ፊት አለፈ። ተቀምጬ አለቀስኩ።

ተርሚናሉ በር ላይ ሳገኛት ነጠላዋን አስተካክላ፣ የአጥሚት እህሉን በጉያዋ ይዛ ቆማለች። አገላብጣ ሳመችኝ፤ ሆዴንም ሳመችው። መኪና ውስጥ ገብተን ወደ ገርጂ ስንሄድ ጎርፉ መንገዱን ሞልቶት እንደ ኤሊ ነበር የምንጓዘው። የየሱቁ ዘበኞች በረዶውን በአካፋ ይጠርጋሉ።

"ፈርተሽ ነበር?" አልኳት።

"መጀመሪያ ፈራሁ። ሲንገጫገጭብን ከጎኔ የነበረችው ልጅ እጄን ጨበጠችኝ፣ እኔም ጨበጥኳት። ኋላ በመስኮት ባይ ከላይ ፀሐይ ነው። ደመናው ከታች እንደ ተባዘተ ጥጥ ተነጥፏል፤ መብረቁ ውስጥ ለውስጥ ብልጭ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ መብረቅን ከታች ሆኜ ስፈራው ኖሬ፣ ከላይ ሲያዩት ለካ ሰው ቤት ውስጥ ይዞት የሚዘዋወረው ኩራዝ ይመስላል። ባለቤቱ እቤት አለ አልኩና ዝም ብዬ ማየት ያዝኩ።"

"ባይቆምስ ኖሮ?"

"ባይቆም ባሕር ዳር አድሬ ነገ እመጣ ነበራ። ዝናቡ የገበሬው ነው፣ ለኔ ሲባል ይቅር አልልም።" ነጠላዋን ሰብስባ "መቆሙን ግን አመሰግነዋለሁ" አለች። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ "አሜን" አለ።

በማግስቱ ጋሼ መዝገቡን እያየ የነፋሱ መዞር ደመናውን ወደ እንጦጦ እንደገፋው አስረዳኝ። ልክ ነው፤ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ሲጨርስ ግን ብዕሩን አስቀምጦ "ተመስገን ነው" አለ፤ እኔም እንዲያው ነበር ያልኩት።

ሴት ልጄ በመስከረም መጀመሪያ በሰላም ተወለደች። አንድ ቀን አራስ ቤት ተኝቼ፣ እናቴ ሕፃኗን አጥባ ስታሽሞነሙን ዝናብ ጀመረ። ደመናውን ለማየት አልተነሣሁም፤ ከየት እንደሚነፍስም አልጠየቅሁም። ጣሪያው ላይ ሲወርድ ዝም ብዬ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።