ለአርብ ያዘጋጀነው መሐንዲስ

ሰኔ ውስጥ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አንድ የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂ ተማሪ ወደ ክፍላችን ገባ። እኔ ከታሰርኩ አሥራ ዘጠነኛ ቀኔ ነበር። ዘመኑ የ1990ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ጣቢያው ከካዛንቺስ በእግር የሚደረስበት ነበር።

እኔ የታሰርኩት በጻፍኩት ዜና ነው። እሱ የተያዘው ባምቢስ አካባቢ ወጣቶች ሲታፈሱ፣ የተጠቀለለ ፕላን በብብቱ ይዞ ነው። ፕላኑን "ይመረመራል" ብለው ወስደውበታል።

ክፍሉ አራት ሜትር በአምስት ያህላል። ሃያ ስድስት ሰዎች ነበርንበት። ዝናብ ሲጥል በአንዱ ጥግ ውሃ ይንጠባጠባል፤ የሲሚንቶው ወለል እስከ ግማሽ ይረጥባል። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ እኛን ሳይሆን ጣሪያውን አየ።

"አሸንዳው ነው የተደፈነው" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ በለገሃር መስመር ሚኒባስ ይነዳ የነበረ ሰው ነው። ሳቀ። "ኢንጂነር መጣልን! በል ጌታዬ፣ እስኪጠገን ማረፊያህ እዚያው ሥሩ ነው።"

ልጁ የመጣለትን እራት አልነካም። ካቦው ምን እንደሆነ ጠየቀው።

"አርብ ሦስት ሰዓት ኢንተርቪው አለኝ። ለገሃር፣ አንድ የኮንስትራክሽን ድርጅት። የሚወስዱት አንድ ሰው ነው። እናቴ ታማለች፣ ከአዲስ አበባ መውጣት አልችልም። ማለቴ፣ ይሄ ካመለጠኝ ሌላው ሁሉ ክፍለ ሀገር ነው።"

"እስከ አርብ ትወጣለህ" አለው ካቦው። ለሁሉም እንዲህ ይል ነበር።

በክፍላችን አንድ ልማድ ነበር። ለምርመራ የሚጠራ ሰው አስቀድሞ እኛ ዘንድ ይለማመዳል። ሥራዬ መጠየቅ ስለሆነ መርማሪ የምሆነው እኔ ነበርኩ። ደንቡንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ። ከአንድ ዓረፍተ ነገር አትለፍ። እጅህን ጉልበትህ ላይ አሳርፍ። ዝም ሲሉህ ዝም በል፤ ዝምታቸውን ልሙላ ብለህ አትናገር። ደንቡ ሰው ሲያድን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አምነዋለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ካቦው ልጁን "እንዲህ ከምትተክዝ ለአርቡ እንፈትንህ" አለው። ኮሚቴ ሆንን፤ እኔ፣ ካቦው፣ እንዲሁም በአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አስተዳደር ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው። ጄሪካን ተደፍቶ ወንበር ሆነ። ሰው እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀ። ልጁ ግድግዳውን አንኳኳ።

"ይግቡ!" አለ ክፍሉ በሙሉ።

"እስቲ ልጄ" አሉ ጋሼ፣ "የመመረቂያ ሥራህ ምን ነበር?"

ሥራው ቂርቆስ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ወንዝ ላይ የሚሠራ የእግረኛ ድልድይ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ ውሃው የደረሰበትን በጎረቤት ግንብ ላይ በሚስማር ምልክት አድርጓል። ስፋቱን በገመድ ሲለካ አንዱን ጫፍ የምትይዝለት እህቱ ነበረች። ጎረቤቶቹ ሊያስነሳን ነው ብለው እናቱ ዘንድ ከስሰውታል። ይህን ሲያወራ ከጄሪካኑ ወርዶ ተንበረከከ፤ ጣቱን በፈሰሰው ውሃ እያራሰ ወለሉ ላይ ይስል ጀመር። ሰዎች ከየጥጋቸው ተነሥተው ከበቡት። ሳምንት ሙሉ ከማንም ጋር ያልተነጋገረ አንድ ሰው ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ጠየቀ።

"የእድር ሰው አስከሬን ይዞ ቢያልፍበትስ?"

"እሱን እኮ ነው ያሰብኩት!" አለ ልጁ። "ትልቁ ጭነት ለቀስተኛ ነው። በሌላ ቀን ሰው አንድ አንድ እያለ ነው የሚያልፈው፤ ለቀስተኛ ግን ሁሉም ባንዴ ነው። አማካሪዬ ይሄ ከየት መጣ አለኝ። መጽሐፉ ላይ የለም፣ ሰፈሬ ውስጥ ግን አለ አልኩት።"

ሰው ሳቀ። እኔ እጄን አነሣሁ።

"ረዘመ" አልኩት። "የተጠየቅከው አንድ ነገር ነው። 'የእግረኛ ድልድይ ነው' በልና አቁም።"

"ኧረ ተወው፣ ይናገር" አሉ ጋሼ። "እኔ ብሆን አሁን ነው የምቀጥረው።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ደግ ፈታኝ ነዎት። አርብ ደግ ላይገጥመው ይችላል።"

ካቦው ከእኔ ጋር ቆመ። ሌሎቹም እንዲሁ። ጋሼ አልተከራከሩም። ልጁ ተነሥቶ ጄሪካኑ ላይ ተቀመጠ፣ እጆቹንም ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ያን ቀንና በማግስቱ ደጋገምነው። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ መልሶቹ አጥረው፣ ጣቶቹም መንቀሳቀስ ትተው ነበር። "አሁንማ ቢገርፉትም አይናገርም" አለ ካቦው፤ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። "አንተ ባለ ፕላኑ! ዕቃህን ይዘህ ውጣ!"

ጋሼ እንደ ተተኮሰ እንዲሆን ፍራሻቸው ሥር አጣጥፈው የተኙበትን የራሳቸውን ነጭ ሸሚዝ አውጥተው ሰጡት። እዚያው ቆሞ ለበሰው።

"ሠርግ አለብህ እንዴ? ፍጠን!" አለ ፖሊሱ።

"አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ" አለ ልጁ። ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ድረስ አንድ በአንድ ቆለፈ። ከዚያ ሦስታችንን በየተራ ጨበጠን። "ጊዜ ሰጥታችሁ ስላነጋገራችሁኝ አመሰግናለሁ" አለ። ፖሊሱ ሁለተኛ ሲጮህበትም እርምጃውን አላፈጠነም።

እኔ የተፈታሁት ከዚያ ሁለት ወር ዘግይቼ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ደምበል አካባቢ ስለሚሠራ ሕንፃ ለመዘገብ ሄጄ አንድ መሐንዲስ አነጋገርኩ። በወሬ መሀል ቀድሞ ለገሃር፣ ልጁ ስሙን በነገረን በዚያ ድርጅት ውስጥ ይሠራ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ አርብ ፈታኞች አንዱ ነበርክ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ነበር። ልጁንም አስታወሰው።

"የትምህርት ውጤቱ ከሁሉም ይበልጥ ነበር" አለኝ። "ግን እንደ ተከሳሽ ነው የመለሰልን። የመመረቂያ ሥራህ? 'የእግረኛ ድልድይ ነው።' እንዲቀጥል ዝም አልነው። እሱም ዝም አለ። በቃ፣ የሚደብቀው ነገር ያለ መሰለን።"

እንደዚያ እንዲመልስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ አልኩት። ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ።

በሥራ ዘመኔ የተሳሳተ ዜና ሳወጣ በማግስቱ አርሜ አውጥቻለሁ። ለዚህኛው እርማት የማወጣበት ጋዜጣ የለም። ልጁን ፈልጌ ቂርቆስ ሄጄ ነበር፤ ሰፈሩ ለልማት ተነሥቷል፣ ቤተሰቡ የት እንደገባ የሚያውቅ አላገኘሁም። ጋሼ ሞተዋል። ተወው ይናገር ያሉኝ ትክክል እንደነበሩ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ከቀጣሪዎቹ የተሻለ ፈታኝ እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ወደ ድርጅቱ ቢሮም ሄጃለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የዚያን ቀን የፈተና ቅጽ እንዳነበው ፈቀደችልኝ፤ እንድገለብጠው ግን አልፈቀደችም። ሰባት ጥያቄ ተጠይቆ ሰባቱንም መልሷል። ከሥሩ "ተጨማሪ እንዲናገር ዕድል ተሰጥቶት አልተጠቀመበትም" ተብሎ ተጽፏል። ሦስቱም ፈታኞች ፈርመውበታል።