ሚስተር ኤሚል የጠፉበት እሁድ

ይህ ነገር የገጠመኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ሲያትል ውስጥ ነው። በዲቪ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፉና ደግ አይቻለሁ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደዚያ ደንግጬ እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን ግን የለም።

ሥራዬ አንድ ሽማግሌ መንከባከብ ነበር። ሚስተር ኤሚል ይባላሉ፤ የስዊዘርላንድ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ስታርፍ ብቸኛ ልጃቸው ሩት እዚህ አምጥታ ከራሷ ጋር አኖረቻቸው። ቤቱ ኦቴሎ ከሚባለው ሰፈር ብዙም የማይርቅ ዳገት ላይ ነው። ሩት ነርስ ስለሆነች ቅዳሜና እሁድ ሥራ ትገባለች። እኔ ያኔ ከእሳቸው ጋር እውላለሁ።

ሚስተር ኤሚል የመርሳት በሽታ ይዟቸው ነበር። ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ። አንዳንድ ቀን የሩት ስም ራሱ ይጠፋቸዋል። የማይረሱት በወጣትነታቸው በረኛ የነበሩበትን የእግር ኳስ ቡድን ብቻ ነው። ተራራ ሥር ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ ቡድን ነው። የከተማዋን ስም ምላሴ እስከ ዛሬ በትክክል አያወጣውም። ታሪኩን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚነግሩኝ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ ያዝኩት።

ቡድኑን ያቋቋሙት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ሜዳ ስላልነበራቸው አንድ ገበሬ የሣር መሬቱን አዋሳቸው። ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ ግን ጨዋታ የለም፤ ገበሬው መንሽ ይዞ ይቆማል። ሜዳው ዘቅዛቃ ስለሆነ ወደ ታች የተመታች ኳስ የምትገኘው ወንዝ ውስጥ ነው። ከዚያ የዓለም ጦርነት መጣ። አገራቸው ባትዋጋም ምግብ እጥረት ስለነበር ሜዳው ታረሰና ድንች ተተከለበት፤ ተጫዋቾቹም ድንበር ሊጠብቁ ሄዱ። ከጦርነቱ በኋላ ገሚሱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዶ ቀረ። ለአንድ ቡድን የሚበቃ ሰው ታጣ።

በዚያ ሰሞን ዋሻ የሚቆፍሩ የጣሊያን የቀን ሠራተኞች ወደ ከተማዋ መጡ። ማታ ማታ በድንጋይ ጎል ሠርተው ይጫወታሉ። "ይግቡ" ሲባል "የውጭ ሰው አናስገባም" የሚሉ ተነሡ። ሚስተር ኤሚል ቆመው "እነሱ ካልገቡ እኔም በር ላይ አልቆምም" አሉ። ጣሊያኖቹ ገቡ፣ ቡድኑም ከመፍረስ ተረፈ። ኋላም አንድ ዲቪዚዮን ከፍ አለ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

ሩት ታሪኩ ሲጀመር ተነሥታ ትወጣለች። "ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼው ሰልችቶኛል" ትለኛለች። አልፈርድባትም፤ በጣም ደክማ ነበር። እንዲያውም በዚያው ሰሞን የአረጋውያን መኖሪያ ማፈላለግ ጀምራለች። "አንድ ቀን ከቤት ወጥተው የጠፉ እንደሆነ ሌላ ምርጫ የለኝም" ብላኛለች። ሚስተር ኤሚል ይህን ሲሰሙ እጄን ጥብቅ አድርገው ይይዙ ነበር። ገብቷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ያን እሁድ ምሳ አበላኋቸውና ልብስ ከማድረቂያው ላወጣ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። ስመለስ ወንበራቸው ባዶ ነው። መታጠቢያ ቤት የሉም፣ መኝታ ቤት የሉም። የጓሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

በሰፈሩ ታች መኪና እንደ ጎርፍ የሚያልፍበት ትልቅ መንገድ አለ። ለሩት ሥራ ቦታዋ ኮል አደረግኩላት። "ፖሊስ እኔ እጠራለሁ፣ አንቺ ሰፈሩን ፈልጊ" ብላ ዘጋችው።

ስማቸውን እየጠራሁ ላይ ታች አልኩ። ጎረቤታችን፣ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት፣ ድምፄን ሰምተው በረንዳ ላይ ወጡ።

"ጠዋት ምን ይሉ ነበር?" አሉኝ።

"ምን ይላሉ፣ 'ዛሬ እሁድ ነው፣ ጨዋታ አለን' ነው የሚሉት።"

"እንግዲያው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሂጂ። እሁድ እሁድ እዚያ ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ልጅቷ ስትመጣ እኔ እነግራታለሁ።"

ትምህርት ቤቱ ከትልቁ መንገድ ማዶ ነው። በሩጫ ወረድኩ። መንገዱ ጋ ስደርስ ዓይኔ አስፋልቱን ለማየት ፈራ። የወደቀ ሰው አልነበረም። "ኪዳነ ምሕረት፣ አደራሽን" እያልኩ ተሻገርኩ።

ወደ ሜዳው ስጠጋ መጀመሪያ የሰማሁት እንግሊዝኛ አይደለም። "ኧረ አባባን እንዳትመታቸው! ቀስ ብለህ ምታ!" የሚል አማርኛ ነው።

የኛ ሰዎች ናቸው። ሚስተር ኤሚል ሰንደል ጫማቸውን እንዳደረጉ ጎሉ መሃል ቆመዋል፤ የሌላ ሰው ጓንት እጃቸው ላይ አለ፤ ትከሻቸው ላይ የሰው ጃኬት ተደርቧል። እንደዚያ ቀጥ ብለው ቆመው አይቻቸው አላውቅም። እኔ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

አንድ ረጅም ሰው ውሃ ይዞልኝ መጣ። ጌታቸው ይባላል፤ ታክሲ ነጂና የቡድኑ አምበል ነው።

"እህቴ፣ ያንቺ ናቸው? አይዞሽ፣ ምንም አልሆኑም። መጀመሪያ ሜዳውን ልቀቁ ሊሉን የመጡ መስሎን ነበር። በጀርመንኛ ይሁን በምን እየጮኹ መጥተው የበረኛችንን ክንድ ይዘው ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ጎተቱት። እሱም ያሉት ቦታ ቆመ። ከዚያ ወዲህ እንዴት አድርገን ጎል እናግባበት! አንዱ ፖሊስ ጋ ሊደውል ጋዝ ስቴሽን ሄዷል።"

ሚስተር ኤሚል አዩኝና በእንግሊዝኛ ተጣሩ፦ "አየሽ? ጣሊያኖቹ መጡ!"

"ምን ማለታቸው ነው?" አለኝ ጌታቸው።

"እናንተን ጣሊያኖች ናቸው ነው የሚሉት።"

"እኛ? ጣሊያን?" ሁሉም ሳቁ። አንዱማ "አያቴ ይህን ቢሰሙ ከመቃብር ይነሡ ነበር" ብሎ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ።

ያኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ገበሬው፣ ስለ ድንቹ፣ ዋሻ ስለሚቆፍሩት ሰዎች፣ "እነሱ ካልገቡ" ስላሉት። ስለ ኳስ የማላውቀው እኔ፣ ላባቸው ለሚንጠባጠብ ሰዎች የስዊዘርላንድ ቡድን ታሪክ በአማርኛ አወራሁ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ስጨርስ ጌታቸው ዘወር ብሎ አያቸውና "ሶ፣ ጣሊያን ከሆንን ሆንን። ጨዋታው እስኪያልቅ አይሄዱም" አለ።

ሩት ስትደርስ መኪናዋን ሣሩ ላይ ፓርክ አድርጋ በሩን ሳትዘጋ ነው የሮጠችው። ከኋላዋ የፖሊስ መኪና መጣ። አባቷን ልታቅፍ ስትጠጋ በእጃቸው ከለከሏት። "እመቤት፣ ከመስመሩ ውጪ ቁሚ፤ ኳስ ይመታሻል።"

ልጃቸው መሆኗን አላወቁም። እሷም ምንም ሳትል መስመሩ ጋ ሄዳ ቆመች። ጌታቸው ኳሷን በውስጥ እግሩ ገፋ አደረገላቸው። ጎንበስ ብለው ያዟትና ደረታቸው ላይ አቀፏት። ተጫዋቾቹ "አባባ! አባባ!" እያሉ አጨበጨቡ። ፖሊሱም አጨብጭቦ ሄደ። ሩት ትስቅ ነበር፣ ታለቅስም ነበር።

ከሥራ የምባረር መስሎኝ ነበር። ማታ ሩት "የሚቀጥለው እሁድ ስንት ሰዓት ነው የሚጫወቱት?" ብላ ጠየቀችኝ። የአረጋውያን መኖሪያውን ነገር ከዚያ በኋላ አንሥታው አታውቅም። በጓሮው በር ላይ ደወል አሰርን። ብርድ ካልሆነ በቀር እሁድ እሁድ ጌታቸው በታክሲው እየመጣ ይወስደን ጀመር። ሩት ዕረፍት ስትሆን ምግብ ሠርታ ትመጣለች፤ ዱለት መብላትም እዚያው ለመደች። ሚስተር ኤሚል ለሁሉም የጣሊያን ስም አወጡላቸው፤ የጌታቸው ስም እስከ መጨረሻው ጁሴፔ ነበር።

ሚስተር ኤሚል በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ፣ በሰላም አረፉ። በቀብራቸው ዕለት የሩት ጓደኞች ጥቂት ነበሩ፤ ከኋላ ግን የኛ ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው ተደርድረዋል። ስለ ሟች የሚናገር ሰው ሲጠየቅ ሩት ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ተናገሪ" አለችኝ። "እኔ የቡድኑን ታሪክ አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አላዳመጥኩትም።"

ተነሥቼ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ተናገርኩ፤ ሩት ከፊት ተቀምጣ አንዲት ቃል ሳያመልጣት ሰማች። እኛ አገር በቀብር ላይ የሟችን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ዘመድ ነው። እኔ በዚህች አገር ዘመድ አልነበረኝም። ያን ቀን ተናግሬ ስቀመጥ ግን ሩት ክንዷን በትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ለቀስተኞቹም ሲወጡ እሷን ጨብጠው እኔን "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።