በባሌ ጉልበት ውስጥ የቀረው ጥይት

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ነው። ድሮ ወታደር ነበር፤ ሲያገባኝም ቀኝ ጉልበቱ ውስጥ የጥይት ስብርባሪ ነበረው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሱሪውን ሰብስቦ «ንኩት እስቲ» ይላል። እኛ ቤት ጥይቱ ወግ እንጂ በሽታ ሆኖ አያውቅም።

አምና ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ሐኪሟ እኔ ነኛ! «ጨጓራ ነው» ብዬ ተልባ በተልባ አደረግኩት። ፊቱ ገረጣ፣ የደንበኞቹን ልክ ይረሳ ጀመር። ቀጥሎ ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ ዝልፍልፍ አለ፤ መቀስ ሲያነሳ ያመልጠዋል። ያኔ ደነገጥኩ። መቀስ የማይዝ ልብስ ሰፊ ምን ሊሆን ነው?

ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ወጣቷ ሐኪም ከቀለም ወይም ከባትሪ ጋር ሠርቶ እንደሆነ ጠየቀችው። አልሠራም። «ሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ብረት አለ?» ስትለው ሁለታችንም «የለም» አልን። እውነቴን ነው፣ ትዝም አላለን! ሊወጣ ሲነሳ ማነከሱን አየችና «ጉልበትዎን ምን ሆነው ነው?» አለችው።

«እሱማ ጥይት ነው፣ ምንም አይደል» አላት።

መልሳ አስቀመጠችን። ጥይቱ ውስጥ ያለውን እርሳስ የጉልበቱ ፈሳሽ እያሟሟ ደሙ ውስጥ እየጨመረው ሊሆን ይችላል፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ ሆዱንም እጁንም የሚጎዳ አለች። የደም ምርመራውም ያንኑ አረጋገጠ። በቀዶ ሕክምና ይውጣ ተባለ።

ሰውዬው ግን እምቢ አለ! «ከጓደኞቼ ጋር ነው የተመታሁት። እነሱ እዚያው ቀሩ። ከእነሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው» አለኝ።

አንጀቴን በላው። ንዴቴ ግን ባሰ። «ለእነሱ ስታለቅስ አብሬህ አልቅሻለሁ። ለአንተ ግን አላለቅስም! ተነስ፣ ልበስ!» አልኩት።

ኮቱን ለበሰ፤ መቆለፍ ግን አቃተው። ኮቱን የሰፋው እኮ እሱ ራሱ ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩለት። እጁን ቁልቁል አየና ተከተለኝ።

ስብርባሪው ወጣ። መድኃኒቱንም ወሰደ፤ እጁ በስንት ወሩ ቀስ እያለ ተመለሰ። መጀመሪያ ቆርጦ የሰፋው የእኔን ቀሚስ ነው። ጠርዙ ወደ ግራ አዘነበለ። ልፍታው ሲለኝ «ንክች እንዳታደርገው!» አልኩት።

ለዘመድ ሠርግ ጦር ኃይሎች ድረስ ለብሼው ሄድኩ። ሴቶቹ ጠርዙን እያዩ «ማነው እንዲህ የሰፋልሽ?» ብለው ሳቁ።

«ባሌ ነው» አልኳቸው፤ «በቀኝ እጁ።»